ፊት የሚያሳይ ስልክ

እንደሻው በዕድሜው ብዙ ከባድ ነገር ተሸክሟል። የገብስ ጆንያ ተሸክሟል፣ የተሰበረ የጋሪ ጎማ ይዞ ዳገት ወጥቷል፣ አንዴም የጎረቤቱን አማት በቃሬዛ እስከ ጤና ጣቢያ አድርሷል። ማክሰኞ ጠዋት ከታላቅ እህቱ ከአሰፋች ጎን ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ ከዲክሲስ አሰላ የሄደበትን መንገድ ያህል የከበደው ግን የለም። እሷ ታወራለች፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ልጇ ትንቢት ቤይሩት ላይ ከሞተች አሥራ ሰባት ቀኗ ነው። መንደሩ በሙሉ ያውቃል። የማታውቀው እናቷ ብቻ ናት።

ከአራተኛ ፎቅ ወደቀች ነው የተባለው። እንዴት ወደቀች፣ ማን አብሯት ነበር ብሎ ለጠየቀ መልስ የሚሰጥ አልተገኘም። ሰው አገር የድሃ ልጅ በሳጥን ሲመልስ ማብራሪያ አብሮ አይልክም። ሳጥኑ ሰኞ ቦሌ ገብቷል፤ ዛሬ ሲመሽ ደግሞ የአዲስ አበባ ዘመዶች በመኪና አምጥተው ቤተ ክርስቲያን ሊያሳድሩት ነው። እናቲቱ ሁለት ጊዜ እንዳትሞት፣ መርዶውም ቀብሩም በአንድ ቀን ይሁንላት ተብሎ ነበር እስካሁን የተደበቀው።

መርዶ ደንብ አለው። ለእናት የልጇ ሞት መንገድ ላይ አይነገርም፣ ገበያ መሃል አይነገርም፣ ለብቻዋ ስትሆንማ ከቶ አይነገርም። ወፍ ሲንጫጫ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የነፍስ አባቷ ከፊት ቀድመው፣ ሁለት ጠንካራ ሰዎች ከግራና ከቀኝ ቆመው ነው የሚነገራት። እንደሻው ይህን ደንብ ከማንም በላይ ይጠብቃል፤ ምክንያትም አለው። ልጅ ሆኖ አባታቸው ሲሞት አንድ አፉን መያዝ የማይችል መንገደኛ ከአጥር ማዶ ሆኖ "ነፍስ ይማር!" ብሎ ለእናታቸው ጮኸላት። በእጇ እንስራ ይዛ ለብቻዋ ቆማ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እናታቸው አሥራ አንድ ወር አልተናገረችም። ስትናገርም የቀድሞዋ ሴት አልነበረችም። ያን መንገደኛ እንደሻው እስከ ዛሬ አልማረውም።

እናም ትናንት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገብረ መድህን ጠርተው፣ "ወንድሟ አንተ ነህ፤ ነገ ከመንደር አውጣልን" ሲሉት እሺ አለ። "መቃብር ሲቆፈር፣ ድስት ሲወጣ እንዳታይ። ስልክ ስልክ ስትል አይደል የከረመችው? አሰላ ውሰድና ስልክ ግዛላት።"

"ምን ዓይነት ስልክ?"

ጋሽ ገብረ መድህን ከዘራቸውን መሬት ላይ ወግተው ጥቂት አሰቡ። "ኢንተርኔት የማይገባበት። የልጅቱን ፎቶ ከነሻማው ለጥፈውታል አሉ። እሷ እጅ የገባ እንደሆን ጉድ ፈላ።"

እንግዲህ እንደሻው የተሰጠው ሥራ ይህ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስልክ ማስመረጥ፣ መጨረሻ ላይ ግን የተመረጠውን እንዳትገዛ ማድረግ።

አሰፋች የገብሷን ገንዘብ በመሀረብ ቋጥራ ደረቷ ውስጥ ይዛዋለች። "ዝም ያለችው ሆን ብላ ነው" አለችው ሚኒባሱ ሲነሳ። ደስ ብሏታል፤ ፀጉሯን እንኳ አዲስ ተሠርታለች። "ባለፈው በጎረቤት ስልክ ስትደውል ምን አለችኝ መሰለህ? 'እማዬ፣ ድምፅሽ ብቻ ሰለቸኝ፣ ፊት የሚያሳይ ስልክ ግዢ፤ እስክትገዢ አልደውልልሽም' አለችኝ። ይኸው ወሯ። ግትርነቷን ከማን እንደወረሰች አንተ ታውቃለህ።"

"ካንቺ ነዋ፣ እትዬ" አለ እንደሻው።

አሰላ ሲደርሱ የጭላሎ ተራራ ጉም ለብሶ ነበር። በዋናው አስፋልት ዳር ስልክ የማይሸጥ ቤት የለም ቢባል ውሸት አይሆንም፤ ጫማ የሚሸጠውም ጥግ ላይ ሁለት ሦስት ስልክ ደርድሯል። እንደሻው በመጀመሪያ ያስገባት በሩ ላይ ሙዚቃ የሚጮህበት ሱቅ ነበር። ሻጩ እንደ ሰርግ አዳራሽ እየጮኸ ሰሌዳ የሚያክል ታብሌት አወጣላት። "ፊት ለማየት ከሆነ እማማ፣ ይሄ ነው! የልጅዎ ቅንድብ አንድ በአንድ ይቆጠራል!"

አሰፋች ተቀብላ አገላበጠችው። ደረቷ ላይ ለካችው፤ አልገባም። "ይሄ ሰፌድ ነው እንጂ ስልክ ነው? ገብስ ላበጥርበት ነው?" አለች። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እንደሻውም ሳቀ፤ ወዲያው ራሱን ጠላው።

ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ በትንሿ ባለቁልፍ ስልክ ሊያሳምናት ሞከረ። ቻርጇ ሳምንት ይቆያል፤ እኛ ጋ መብራት እንደ ልብ አይደለም፤ ብትወድቅ አትሰበርም፤ ዋጋዋም የዶሮ ያህል ነው። እህቱ እስኪጨርስ በትዕግሥት ሰማችው።

"ፊት ታሳያለች?"

"ፊት እንኳ አታሳይም።"

"እንግዲያ ምን ትቀባጥራለህ?" ብላው ወጣች።

ሦስተኛው የዘሀራ ሱቅ ነበር፤ አገልግል የምታክል፣ ከመስጊዱ ፊት ለፊት። ዘሀራ ሠላሳውን ያለፈች፣ መነጽር ያደረገች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። እንደ ሌሎቹ ስልክ አልደረደረችላቸውም። ወንበር ስባ አሰፋችን አስቀመጠችና "እማማ፣ መጀመሪያ ምን ሊሠሩበት እንደሆነ ይንገሩኝ" አለች።

"የልጄን ፊት ላይበት።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን አለ?"

ዘሀራ ፈገግ አለች። "ጥሩ፤ ሥራው ካነሰ ዋጋውም ያንሳል። ካሜራው ፎቶ አንሺ አያስንቅም፤ አያስፈልግዎትም። ዋናው ሦስት ነገር ነው። ባትሪው ትልቅ ይሁን፣ መብራት ስለሚጠፋ። የፊቱ ብርሃን ጠንካራ ይሁን፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ሆነው እንዲያዩዋት። ድምፁ ይጉላ። የቀረውን ሰው የሚገዛው ለጉራ ነው፣ ወላሂ።" ከዚያ መስታወቱን ከፍታ ሁለት ስልክ አወጣች። አንዱ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ አንዱ ለእይታ ተከፍቶ የሚታይ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። "ያልተከፈተው አሥራ ሦስት ሺህ። ይቺ ሰው ሲነካካት ስለከረመች አሥራ አንድ ሺህ። ሥራቸው ግን ያው ነው።"

አሰፋች ለእይታ የወጣችውን አነሳች። ለመያዝ ትመቻለች። መሀረቧ ውስጥ ያለውም ለሷ ነው የሚበቃው።

እንደሻው ስለ ዋስትና ጠየቀ፣ ስለ ቻርጀር ጠየቀ፣ ስለ መሸፈኛው ጠየቀ፣ ቢዘንብባትስ ብሎ ጠየቀ። የሚፈልገው ሰዓቱ እንዲሄድለት ነበር። ዘሀራ ለሁሉም መለሰችለት። በመሃል አንድ ደንበኛ ብቅ ሲል በኦሮምኛ "ጢቆ ኤጊ"፣ ትንሽ ጠብቅ፣ ብላ በር ላይ አቆየችውና ወደ አሰፋች ተመለሰች።

"ማንበብ ይችላሉ?"

"በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ሁለተኛ የወጣሁ ነኝ" አለች አሰፋች ኮራ ብላ።

"እንግዲያ ፊደሉን እናለማምድዎት። ይቺን ቢጫዋን ሲነኩ ባዶ ወረቀት ይወጣል። የልጅዎን ስም ይጻፉበት።"

አሰፋች ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ በአንድ ጣት፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም እየለቀመች ጻፈች። ትንቢት። አራቱ ፊደል ሲደረደሩ እያየች እንደ ልጅ ሳቀች። "አየህ እንደሻው? ስሟ ወጣ!"

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ዘሀራ፣ "እኔ ሳልሞክር አልሸጥም፤ የቤቴ ልማድ ነው። ቁጥሯን ይስጡኝና አሁኑኑ በፊት እንደውልላት። ካልታየችዎት አይግዙ" አለች። የሱቋን ኢንተርኔት ለእይታ በወጣችው ስልክ ላይ ከፈተች። አሰፋች ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀት ከመሀረቧ ፈትታ ዘረጋች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ልጇ አይታ እንዳታፍርባት።

"ሥራ ላይ ነች!" አለ እንደሻው። ድምፁ እሱንም አስደነገጠው።

"ትሁና፤ ደቂቃ አይፈጅም" አለች እህቱ።

እንደሻው ጆሮው ጮኸ። የሟች ስልክ ማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ማን አንሥቶ ምን እንደሚል የሚያውቅ የለም። ዘሀራን ወደ ጎን ስቦ ሊነግራት ቢል ሱቋ ሁለት እርምጃ ናት። በኦሮምኛ እንዳይላት፣ አሰፋች ኦሮምኛውን ከሱ አስበልጣ ትናገራለች። የእናቱ እንስራ ታየው። ከዚያ ስልኩን ከዘሀራ እጅ መንጠቅ ይሁን መቀበል ሳይለይ ወሰደው።

"ቆይ፣ እኔም ልሞክረው" አለ። ቢጫዋ ወረቀት አሁንም አልተዘጋችም፤ የእህቱን ጽሕፈት ይዛለች። ከሥሩ፣ በወፍራም ጣቱ እየተሳሳተና እያረመ፣ ሦስት ቃል ጻፈ። ሞታለች። አልሰማችም። አትደውይ። ጽፎ ሲጨርስ ለዘሀራ ብቻ አዙሮ አሳያት።

ዘሀራ አነበበች። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ፣ "ኢና ሊላሂ" ሲል። ያኔ እንደሻው ስልኩን ወደ ራሱ መልሶ ታች ያለውን ቦታ ተጫነ። ወረቀቱ ሄደ። የሱ ስልክ ባለቁልፍ ነው፤ ከዓይን የሄደ ነገር የጠፋ መሰለው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ አበው፤ ስለ ጣት የተናገሩት ስለሌለ ማንም አላስጠነቀቀውም።

"ኔትወርክ የለም፣ እማማ" አለች ዘሀራ። መነጽሯን አውልቃ በሻሿ ጠረገችው። "ከጠዋት ጀምሮ የለም።"

"ያ ልጅ በር ላይ ቪዲዮ እያየ ሲስቅ አልነበር እንዴ?"

"እሱ… እሱ ቀድሞ የተጫነ ነው።" ዘሀራ ውሸት አትችልም፤ አንገቷ ድረስ ቀላች። "ዛሬ አይግዙ፣ እማማ። ሌላ ቀን ይምጡ።"

አሰፋች ግን ስልኩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛዋለች። አራት ዓመት የልጇን ፊት ያላየች ሴት ሌላ ቀን አታውቅም። ዘሀራ ዓይኗን ከሴትዮዋ አሽሽታ "እንግዲያ ዘጠኝ ሺህ ይሁንልዎት" አለች። አዲስ ሲም ካርድ አስገባችበት። ኢንተርኔቱን ዘግታ ሰጠቻት።

"እንዲህ ያለ ደግ ሰው በዚህ ዘመን!" አለች አሰፋች፤ ግንባሯን ሳመቻት። ዘሀራ በር ድረስ ሸኝታቸው፣ ሱቋን ከውስጥ ቆልፋ ቀረች።

እንደሻው ምሳ አበላት፣ በጋሪ አዞራት፣ የማትፈልገውን ሻሽ ገዛላት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ዲክሲስ የሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ሲገቡ ጉልበቱ አልቆ ነበር። እህቱ ከጎኑ ስልኳን እየነካካች ነው፤ መብራቱን ታበራለች፣ ታጠፋለች፣ የሹፌሩን ማጅራት ፎቶ ታነሳለች። ከግራና ቀኝ ስንዴው እስከ አድማሱ ድረስ ቢጫ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በቅጡ ያልተኛው ሰው አንገቱ ከብዶት አንቀላፋ።

ሲነቃ ሊደርሱ ነበር። አሰፋች ስልኩን በመሀረቧ ጠቅልላ ጉያዋ ከታዋለች። በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። እጁን ይዛዋለች፤ መቼ እንደያዘችው አላወቀም። ልጅ እያሉ ገበያ ስትወስደው እንደዚያ ነበር የምትይዘው።

"ደከመሽ፣ እትዬ?"

"ትንሽ።"

በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሲያልፉ ሁልጊዜ ወርዳ በሩን ትሳለማለች። እንደሻው ፈራ፤ የመቃብሩ አፈር ገና ትኩስ ነው። እሷ ግን ቀና ብላ ሳታይ፣ "ዛሬ ይቅር። ነገ እሳለማለሁ" አለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለ በልቡ። የሞኝ ምስጋና ነበር፤ ያኔ ግን አላወቀውም።

ማታ እህል አልቀመሰችም። መንገዱ አናውጦኝ ነው አለችው። እሱ እሷው ቤት መደቡ ላይ አደረ፤ አንዴ ሲባንን ጋቢዋ ውስጥ ብርሃን አይቶ "ትለማመዳለች፣ ምስኪን" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ጎህ ሲቀድ መጡ። የነፍስ አባቷ ከፊት፣ ጋሽ ገብረ መድህን ከኋላ፣ ዘመድና ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢውን ሞላው። እንደሻው በቀኟ፣ የአጎታቸው ልጅ ይበልጣል በግራዋ ቆሙ። እንደ ደንቡ። ቄሱ "ልጄ አሰፋች፣ የሰጠን እሱ ነው፣ የወሰደም እሱ ነው" ብለው ጀመሩ። ሰው ያን ጊዜ "ማን? ማን ሞተብኝ?" ብሎ ይጮሃል። አሰፋች አልጠየቀችም። ቄሱ እስኪጨርሱ ጸጥ ብላ ጠበቀች፤ የልጇን ስም ሲጠሩ ነው የጮኸችው። ያ ጩኸት ከሆዷ የወጣው ተጠራቅሞ፣ ተጠራቅሞ ነበር። ሁለቱ ደገፏትና መሬት አልነካችም።

እንደሻው እያለቀሰ፣ አቅፎ እየያዛት፣ ቢያንስ ይሄን አድርጌላታለሁ ብሎ አሰበ። ብቻዋን አልሰማችም። የእናቴ አልደረሰባትም። ሣጥኑ ወርዶ አፈር ሲመለስበትም ያቆመው ይኼው ነበር።

በሠልስቱ፣ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ፣ አሰፋች ወደ ጓዳ ጠራችው። ድምፅዋ ከመዝጋቱ የተነሣ በሹክሹክታ ነው የምትናገረው። ከልብስ ሣጥኗ ስልኩን አውጥታ ሰጠችው። "ይቺን ለዚያች ደግ ልጅ መልስላት። ፊት አላሳየችኝም።"

"እሺ፣ እትዬ።"

"ከዚያ በፊት ግን ቢጫዋን ንካት።"

ነካት። ወረቀቱ ወጣ። እህቱ ሱቅ ውስጥ የጻፈችው ስም ከላይ አለ፤ ከሥሩ የሱ ሦስት ቃል እንዳለ ተቀምጧል። ከዚያ በታች ደግሞ ትንቢት ይላል፤ ደግሞ ትንቢት፣ ደግሞ ትንቢት። በጣቱ ወደ ላይ ገፋው፤ አላለቀም። አሁንም ገፋው፤ ስሟ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ፊደል ተሳስቶ፣ አንዳንዱ ሁለት ጊዜ ተረግጦ፣ እስከ ታች ድረስ።

እንደሻው መደቡ ላይ ተቀመጠ። "መቼ አየሽው?"

"መኪናው ውስጥ።"

"ለምን አልቀሰቀስሽኝም? ለምን አልጮህሽም?"

"ሁለት ሳምንት አልተኛህም፤ ዓይንህ ያስታውቃል። እንቅልፍህን አሳዘነኝ።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ደግሞ እቤት ስገባ ብጮህ፣ ያ ሁሉ ሰው የለፋበት ምን ሊሆን ነው? ሽማግሎቹ ደክመዋል። ጠበቅኳቸው። ለማንም አትንገር።"

ያ መንገደኛ ከአጥር ማዶ ጮኾ አልፏል፤ እንደሻው ግን ከጎኗ ተቀምጦ፣ እጁን ይዛው፣ እያንኮራፋ ነበር።

"አጥፋልኝ" አለችው። "እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም።"

"ሁሉንም?"

"ስሟን ተው። ያንተን ነው።"

እንደሻው አውራ ጣቱን ታች ያለው ቦታ ላይ ተጫነ። ወረቀቱ ሄደ። ቢጫዋን ሲነካት ቃሎቹ ተመልሰው መጡ። ደግሞ ተጫነ፤ ደግሞ መጡ። እህቱ ከትከሻው በላይ ሆና እያየች ትጠብቃለች። እሱም ማጥፋት አያውቅበትም ነበር።